ከሽሮ ሜዳ እስከ ሱሉልታ ሜዳ፦ በዳገት፣ በኮረኮንችና በጫካ መንገድ ብስክሌት ለሚነዱ ዝርዝር መመሪያ

ለመጀመሪያ ጊዜ ብስክሌት ይዞ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። ዳገት ግን ያደክማል እንጂ ሰው አይሰብርም፤ ከከበደ ወርዶ መግፋት ነው። አጥንት የሚሰበረው፣ ቸርኬ የሚጣመመው፣ ጎማ የሚፈነዳው ቁልቁለት ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘብም ጊዜም ልምምድም መጀመሪያ ለፍሬንና ለጎማ፣ ቀጥሎ ለአወራረድ ይዋል። የማርሽ ብዛትና የእግር ጉልበት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ለምሳሌነት የያዝነው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ያለውን የእንጦጦ ሸንተረርና ከጀርባው ያለውን የሱሉልታ ሜዳ ነው። አስፋልት ዳገት፣ ኮረኮንች፣ የባሕር ዛፍ ጫካ፣ ድንጋያማ የእግር መንገድና ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ሁሉም በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ይገኙበታል። በደብረ ብርሃን፣ በጎንደር ወይም በወንጪ ዙሪያ ለሚነዳ ሰውም አብዛኛው እንዳለ ይሠራል።

መልክዓ ምድሩን ቀድሞ ማወቅ

መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፤ የእንጦጦ ሸንተረር ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። ከመሀል ከተማ ተነስቶ ሸንተረሩ ላይ ለመድረስ ቢያንስ 650 ሜትር ቀጥታ ከፍታ መውጣት ያስፈልጋል ማለት ነው። ጀማሪ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሜትር ከፍታ ከወጣ ጥሩ ነው፤ ለዳገቱ ብቻ ሁለት ሰዓት ይመድቡ። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው፤ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ግማሹን ለምዶታል። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ግን ሦስት አራት ቀን ከተማው ውስጥ ሳይቆይ ወደ ላይ አይውሰዱት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው መፍትሔው እረፍት ሳይሆን መውረድ ነው።

ከእንጦጦ ግርጌ ካለው ከሽሮ ሜዳ ሰፈር በላይ አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ወደ እንጦጦ ማርያም ይወጣል። ሸንተረሩ ላይ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አለ፤ በፓርኩ ክልል ውስጥ ለእግረኛ ብቻ የተተዉ መንገዶች ስላሉ ብስክሌት በየት እንደሚፈቀድ በር ላይ ይጠይቁ። ከፓርኩ ውጪ ያሉት የጫካ መንገዶች እንጨት ለቃሚዎችና ከብቶች ያወጧቸው ናቸው፤ አንዱ ቦታ ሰፍቶ ሌላው ቦታ ድንገት ገደል አፋፍ ላይ ያበቃል።

መንገድ ለጠፋበት ሰው ካርታ የሌለው ስልክ የማይነግረው አንድ ምልክት አለ። የእንጦጦ ሸንተረር የውሃ መለያያ ነው፦ በደቡብ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ አቃቂ ሄዶ አዋሽ ሲገባ፣ በሰሜን በኩል የሚወርደው ወደ ሙገር ሄዶ ዓባይ ይገባል። ሸንተረሩን አልፈው ወንዝ ተከትለው ከወረዱ ከከተማው እየራቁ ነው። ጭጋግ ውስጥ አቅጣጫ ከጠፋብዎት ወንዝ ከመከተል ወደ ሸንተረሩ ተመልሶ አስፋልቱን መፈለግ ይሻላል።

ወር፣ ሰዓትና አፈር

ከጥቅምት እስከ ጥር መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በየካቲትና በሚያዝያ መካከል የበልግ ዝናብ ድንገት ይመጣል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ግን በስተሰሜን ያለውን ሜዳ ይተዉት፤ ውሃ ይተኛበታል። በዚያ ወቅት መንዳት ያማረው ሰው ጠጠር ከለበሰ መንገድ አይውጣ።

ምክንያቱ ዋልካ ነው። እርጥብ ዋልካ ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ይወፍርና በጎማውና በሹካው መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፤ ቸርኬው መዞር ያቆማል። ሰው በዚህ ጊዜ እልህ ይዞት ፔዳሉን ይረግጣል። ጭቃው ውስጥ የተቀረቀረው የኋላ ማርሽ መቀየሪያ ወደ ኋላ ይጎተትና እሱን ከብስክሌቱ አካል ጋር የምታያይዘው ትንሽ ብረት ትጣመማለች ወይም ትሰበራለች። የዚያች ብረት ቅርጽ ከብስክሌት ብስክሌት ስለሚለያይ እንደ ልብ አትገኝም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ወርደው አምስት እርምጃ ይራመዱ። አፈሩ ጫማዎ ሥር ተጣብቆ አልለቅ ካለ ይመለሱ፤ የግድ ማለፍ ካለብዎት ብስክሌቱን ተሸክመው በሣሩ ላይ ይሂዱ። ጎማ ላይ የተጋገረውን በእንጨት ይፋቁት፤ በውሃ ለማላቀቅ መሞከር የባሰ ያጣብቀዋል።

መነሻ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ቢሆን ይመረጣል። በዝናብ ወራት ዶፉና መብረቁ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው፤ ሸንተረር ላይ በመብረቅ መያዝ የለብዎትም። ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ከምሽቱ 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ባለው ትጠልቃለች፤ ጫካ ውስጥ ግን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይጨልማል። እንጦጦ ላይ ጅብ አለ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ወደ ጫካ የሚገባ አዲስ መንገድ አይጀምሩ፤ የትም ይሁኑ የት በዚያ ሰዓት ፊትዎን ወደ ቤት ያዙሩ። ብቻዎን አይሂዱ፤ ሦስት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሦስተኛው እርዳታ ይጠራል።

ብስክሌቱ፦ መጀመሪያ ፍሬን

አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ብስክሌት አብዛኛው ያገለገለ ነው፤ ከየት እንደመጣም አይታወቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የትኛው እጅ የትኛውን ፍሬን እንደሚይዝ ማወቅ ነው። ለእንግሊዝ ገበያ የተሠራ ብስክሌት የፊት ፍሬኑ በቀኝ እጅ ነው፤ ለአብዛኛው አውሮፓና ለአሜሪካ የተሠራው በግራ። ይህን ሳያውቅ ቁልቁለት ላይ «የኋላውን» አጥብቆ የያዘ ሰው በመሪው ላይ ተወርውሮ ይሄዳል። ብስክሌቱን ቆመው እየገፉ አንድ አንድ እጀታ በመጫን ይለዩ።

ቸርኬን ግራና ቀኝ በጎማ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ የሚከተለውን ይመልከቱ። የፍሬን ጎማው ላይ ያሉት ስንጥቆች ጠፍተው ልሙጥ ከሆነ ይቀየር። በፍሬን ጎማውና በቸርኬው መካከል በእያንዳንዱ ጎን ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ሲያዝ የፍሬን ጎማው ሙሉ በሙሉ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት፤ ወደ ላይ ወጥቶ የብስክሌቱን ጎማ ከነካ በአንድ ረጅም ቁልቁለት ጎማውን ይበሳዋል። ጭቃና አሸዋ ያለበት ቀን አዲስ የፍሬን ጎማ በአንድ ጉዞ ሊያልቅ ስለሚችል አንድ ጥንድ መለዋወጫ ኪስ ውስጥ ይኑር።

የዲስክ ፍሬን ከሆነ ሸራው ላይ፣ የጀርባ ብረቱን ሳይጨምር፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ከቀረ ይቀይሩት። ዲስኩን በእጅ አይንኩ፤ የጣት ቅባት ሸራው ውስጥ ይገባና ፍሬኑ ይጮኻል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ካቴና ላይ የሚረጭ ቅባት ደግሞ ጨርሶ ይገድለዋል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ይጣላል እንጂ አይታጠብም። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያለው ሰው ጎማውን ካወለቀ በኋላ እጀታውን አይጫን፤ ሁለቱ ሸራዎች ይገናኙና ዲስኩ መግቢያ ያጣል።

እጀታውን ሙሉ በሙሉ ሲጫኑ ከመሪው ጋር መነካካት የለበትም። በእጀታውና በመሪው መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ካልቀረ የፍሬን ሽቦውን ያጥብቁ፦ እጀታው ሥር ያለችውን ማስተካከያ ወደ ውጪ ይፍቱ፤ ያ ካልበቃ ታች ያለውን ብሎን ላላ አድርገው ሽቦውን 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ይሳቡና ያጥብቁ። ሽቦው ጫፍ ላይ ከተበታተነ ወይም ከዛገ ለመቀየር አያቅማሙ፤ ከመኪና ዕቃ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ነው።

ጎማ

ለዚህ መንገድ የጎማው ስፋት ከ2.1 እስከ 2.35 ኢንች ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ሰው ተጭኖ ሲያየው ድንጋይ እስኪሆን ንፋስ ይሞላል። ያ ለአስፋልት ነው። ኮረኮንች ላይ የጠነከረ ጎማ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ መሬቱን ስለሚለቅ ፍሬንም አይዝም። ከመነዳሪ (ንፋስ የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) ላለው ጎማ መነሻ ልኬቱ በንፋስ ግፊት መለኪያው በፒኤስአይ ይህ ነው፦

60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ፊት 26፣ ኋላ 29 ፒኤስአይ።
70 ኪሎ፣ ፊት 28፣ ኋላ 31።
85 ኪሎ፣ ፊት 31፣ ኋላ 35።

ቦርሳና ውሃ ከክብደቱ ጋር ይደመራሉ። ጎሚስታ ቤት ያለው መለኪያ በባር ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው፤ ስለዚህ 29 ማለት 2 ባር ነው። የመኪና ኮምፕሬሰር ትንሹን የብስክሌት ጎማ በሰከንዶች ውስጥ አልፎት ስለሚሄድ ጎሚስታውን «ትንሽ ትንሽ እየለቀቅክ» ይበሉት። ቫልቩንም ይዩ፦ እንደ መኪና ወፍራም የሆነው በጎሚስታ ይሞላል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን ያለው ቀጭኑ ግን ማገናኛ ቀለበት ካልያዙ ጎሚስታ ቤት ንፋስ አያገኝም።

ንፋስ መቀነስም ልክ አለው። ከመነዳሪው ላይ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ካገኙ እሾህ አይደለም፤ ንፋሱ ስላነሰ ጎማው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጧል። በሚቀጥለው 3 ፒኤስአይ ይጨምሩ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ እሾህ ነው፤ ቀጋና አጋም ከመንገዱ ዳር አሉ፣ ገበሬ አጥር ሲያጥር የጎተተው ቅርንጫፍም መንገዱ ላይ እሾሁን ዘርቶ ይሄዳል።

ማርሽ፣ ካቴናና መቀመጫ

እንጦጦን ተቀምጦ ለመውጣት የሚያስፈልገው ትንሹ ማርሽ የፊቱ ጥርስ ለኋላው ሲካፈል ከ0.7 በታች የሚሆን ነው። ፊት 22 ኋላ 34 ከሆነ 0.65 ነው፤ በአዳዲሶቹ ፊት 32 ኋላ 51 ከሆነ 0.63 ነው። ከፊት 42 ኋላ 28 ብቻ ያለው የከተማ ብስክሌት 1.5 ይሆናል፤ በሱ ዳገቱን መግፋት እንጂ መንዳት አይታሰብ።

የካቴና እድሜ የሚለካው በማስመሪያ ነው። ከአንዱ ችንካር መሀል ጀምሮ 24 ክፍል ሲቆጠር አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.5 ካለፈ ይቀይሩት፤ ካቆዩት የኋላውን ጥርስ በልቶት ሁለቱንም ያስገዛዎታል። ሲቀቡ በእያንዳንዷ ክፍል ላይ አንድ ጠብታ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሃያ ጊዜ ማዞር፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ውጪውን በጨርቅ መጥረግ። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ በነፃ ስለተገኘ ነው እንጂ አቧራውን ይዞ ካቴናውን የሚሞርደው እሱ ነው።

መቀመጫውን ለዳገት ከፍ፣ ለቁልቁለት ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ለዳገት ተረከዝዎን ታች ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግር ቀጥ ማለት አለበት። ያንን ከፍታ በቱቦው ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያውርዱት፤ ታች ሲደርሱ ወደ ምልክቱ ይመልሱት። ይህን ሥራ ስንፍና ይዞት የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ አንዱ የመውደቅ ምክንያትም እሱ ነው።

በቦርሳ የሚያዝ

ሁለት ከመነዳሪ ለእያንዳንዱ ሰው፤ ልክ መጠኑ (26፣ 27.5 ወይም 29) ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ማጣበቂያ ማስቲሽ፣ መለጠፊያና ሸካራ ወረቀት። ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያ፤ ካቻቢቴ ከመነዳሪውን ስለሚበሳ አይተካውም። የእጅ ፓምፕ። ባለ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ ቁልፍ። ጎማው በዳዶ የሚታሰር ከሆነ 15 ቁልፍ፤ ይህን ረስቶ ሁለት ከመነዳሪ ይዞ በእግሩ የሚመለስ ሰው አይጠፋም። የካቴና መፍቻና ለማርሽዎ ቁጥር የሚሆን መቀጠያ። ፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ትንሽ ፕላስተር፣ ጋውዝ፣ የሚለጠጥ ፋሻ።

ውሃ ለአራት ሰዓት 3 ሊትር። በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ፣ በተለይ ላብ ከበዛ፣ በሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟ። ምግብን በተመለከተ ከውጪ የሚመጣ ነገር መግዛት አያስፈልግም፤ በሶ ጭብጦ ወይም በጥብጦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝና ቴምር ሥራውን ይሠራሉ። ሳይርብዎት በየ45 ደቂቃው ይቅመሱ። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የማይቀምስ ሰው፣ እንዲሁም ረመዳን ላይ የሚጾም፣ ረጅሙን ዳገት ለሌላ ቀን ይተው፤ ሜዳ ላይ ቀለል ያለ ጉዞ ይበቃዋል።

የራስ ቁር ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ላይ መቀመጥ አለበት። ጓንት የሚለበሰው ለብርድ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነካው መዳፍ ነው። ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ግዴታ ነው፦ ዳገቱን በላብ ወጥተው ሸንተረሩ ላይ ያለው ንፋስ ሲያገኝዎት፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጣት ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን አይዝም።

ዳገቱን መውጣት

ማርሹን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ይቀንሱ። ፔዳሉን በሙሉ ኃይል እየረገጡ የሚቀይሩት ማርሽ ካቴና ይበጥሳል። ተቀምጠው ይውጡ፤ ቁጭ ሲሉ የኋላው ጎማ ይይዛል፣ ሲቆሙ ጠጠር ላይ ይሽከረከራል። የፊቱ ጎማ መነሳት ከጀመረ ወደ መቀመጫው የፊት ጫፍ ይጠጉና ክርንዎን ወደ ታች ዝቅ ያድርጉ። እግር በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ዙር ቢሄድ ይበቃል። ንግግር መጨረስ እስኪያቅትዎ ድረስ ከሄዱ ፍጥነቱ በዝቷል።

ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው አስፋልት ታክሲዎች ለተሳፋሪ ድንገት ዳር ይይዛሉ፤ ከቆመ ታክሲ በቀኝ በኩል ለማለፍ አይሞክሩ፣ በሩ የሚከፈተው በዚያ ነው። ቁልቁል የሚመጡ እንጨት የተሸከሙ እናቶችን ሲያዩ ደግሞ ይውረዱና መንገዱን ይልቀቁ። ሸክሙ ከጎንና ከጎን ከመንገዱ ይሰፋል፤ ቁልቁለት ላይ ማቆም የማይችሉት እነሱ ናቸው። የተጫነ አህያ ሲያጋጥም በዳገቱ በኩል ቆመው ያሳልፉ፤ በገደሉ በኩል የቆመን ሰው ሸክሙ ገፍቶ ይጥለዋል።

ቁልቁለቱን መውረድ

ሁለቱን ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ ያድርጉ፤ አንዱ ታች ከሆነ ድንጋይና ጉቶ ይመታል። ከመቀመጫው ይነሱ፣ ጉልበትና ክርን ይላላ፣ ወገብ ወደ ኋላ ይሂድ። ዓይን ከፊት ጎማው ሥር ሳይሆን ከ8 እስከ 10 ሜትር ወደፊት ይይ፤ ብስክሌት ዓይን ወዳረፈበት ይሄዳል፣ ጉድጓዱን ትኩር ብሎ ያየ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል።

በእያንዳንዱ እጅ ፍሬኑን አንድ ወይም ሁለት ጣት ይያዘው፤ የቀሩት ጣቶች መሪውን ይጨብጡ። አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው የፊቱ ፍሬን ላይ ስለሆነ እሱን መፍራት አይጠቅምም፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ተጭኖ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ጠመዝማዛ ላይ ፍጥነቱን ሳይታጠፉ በፊት ይጨርሱት፤ ጎማው ካጋደለ በኋላ ጠጠር ላይ የፊቱን ፍሬን የያዘ ሰው ወዲያው ይንሸራተታል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያለማቋረጥ አይጎትቱ። አጥብቀው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ይውረድ፣ ይልቀቁት፣ እንደገና ይያዙ። ያለማቋረጥ የተጎተተ ፍሬን ይሞቅና መያዙን ይቀንሳል፤ ቸርኬን በሚይዘው ዓይነት ደግሞ ሙቀቱ ከመነዳሪውን ሊያፈነዳ ይችላል። ዲስኩ ሥጋ ያቃጥላል፤ እንደቆሙ አይንኩት።

መሬቱ በየዓይነቱ የራሱ ጠባይ አለው። ባሕር ዛፍ ሥር የደረቀ ቅጠልና ክብ ፍሬ ተከማችቶ ከሥሩ ያለውን ሥርና ድንጋይ ይሸፍናል፤ እዚያ ላይ ፍሬን መያዝም መታጠፍም የለም፣ ከሱ በፊት ወይም ከሱ በኋላ እንጂ። የከፋው ግን ጉቶው ነው። ባሕር ዛፍ በመጥረቢያ በሰያፍ ሲቆረጥ ጫፉ እንደ ጦር ይቀራል፤ ከመንገዱ ዳር በቁርጭምጭሚትና በጉልበት ከፍታ ላይ። በጠባብ መንገድ ላይ ፍጥነት የሚወሰነው በዚህ ነው፦ ብወድቅ የማርፈው የት ነው ብሎ መጠየቅ።

ኮረኮንች ላይ አይሱዙ ያወጣው ቦይ ካጋጠመ ወይ ቦዩ ውስጥ ይቆዩ ወይ ጀርባው ላይ። ከአንዱ ወደ ሌላው በሰያፍ ለመሻገር ሲሞከር የፊቱ ጎማ በጠርዙ ይያዛል፤ መሻገር ካለብዎት ፍጥነት ቀንሰው በተቻለ መጠን ቀጥ ብለው ይሻገሩ። መኪና እንደ መሰላል ያሸበሸበው ጠጠር ላይ መሀሉን ትተው ጠርዙን ይያዙ። ዝናብ የነካው ኮብልስቶን ላይ መሪ ቀጥ፣ ፍሬን በቀስታ።

ወደ ከተማ ሲመለሱ ዋናውን የጎጃም መንገድ ተከትሎ በአዲሱ ገበያ መውረድ አጭር ይመስላል። ከባድ መኪና የሚበዛበት ነውና በሽሮ ሜዳ በኩል መመለስ ይሻላል።

ጎማ ሲተነፍስ

1. ከመንገድ ይውጡ። የኋላው ጎማ ከሆነ ማርሹን ወደ ትንሹ ጥርስ ያድርሱ፤ ለማውለቅም ለመመለስም ይቀላል።
2. የቀረውን ንፋስ አስወጥተው ጎማውን በሁለቱም ጎን በእጅ ወደ ቸርኬው መሀል ይግፉት። ማውለቂያውን ከቫልቩ ራቅ ብለው ያስገቡ።
3. ከመነዳሪውን ሲያወጡ ከጎማው ጋር የነበረውን አቀማመጥ አይርሱ። ትንሽ ንፋስ ሞልተው ጆሮ አጠገብ ወይም ከንፈር ላይ ያዙሩት፤ ቀዳዳውን ካገኙ በትይዩ ያለውን የጎማ ክፍል ይፈትሹ።
4. የጎማውን ውስጥ በጣት ቀስ ብለው ሙሉ ዙር ይዳስሱ። እሾሁ ሳይወጣ አዲስ ከመነዳሪ የሚያስገባ ሰው ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለተኛውንም ያጣል።
5. አዲሱን ከመነዳሪ ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ንፋስ ሰጥተው ያስገቡ፣ የጎማውን ጠርዝ በእጅ ይመልሱ፤ የመጨረሻው ክፍል ቫልቩ ጋ ይሁን። ከመሙላትዎ በፊት ከመነዳሪው በጠርዙና በቸርኬው መካከል አለመያዙን ዙሪያውን ይዩ።

መለጠፍ ካስፈለገ ከመለጠፊያው 1 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቦታ ይሞርዱ፣ ማስቲሹን ቀጭን አድርገው ይቀቡ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ማስቲሹ እያብረቀረቀ የተለጠፈ አይቆይም። ሲደበዝዝ ለጥፈው ሁለት ደቂቃ ይጫኑ። ሁሉም ካለቀ ደግሞ ጎማውን በሣር ወይም በጭድ ጥቅጥቅ አድርጎ ሞልቶ ቀስ ብሎ ወደ አስፋልት መድረስ ይቻላል። ያምራል ማለት አይደለም፤ ቸርኬውን ግን ያድናል።

ከወደቁ በኋላ ብስክሌቱን ከኋላ ቆመው ይዩ። ማርሽ መቀየሪያው ወደ ውስጥ ካዘነበለ ትልቁን የኋላ ጥርስ አይጠቀሙ፤ ወደ ሽቦዎቹ ገብቶ ቸርኬውንም ራሱንም ይሰብራል። ካቴና ከተበጠሰ የተጎዳውን ክፍል አውጥተው በመቀጠያው ያያይዙ፤ ካቴናው ስላጠረ ትልቅ ከትልቅ ጥርስ አያገናኙ።

ሰውና ውሻ

በሱሉልታ በኩል ያለው ሕዝብ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ መንገድ ላሳየ «ገለቶማ» ማለት ብዙ ነገር ያቀላል። ርቀት ሲጠይቁ «ቅርብ ነው» ከሚል መልስ ይልቅ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይጠይቁ። ሜዳና ጥሩ ኮረኮንች ላይ ጊዜውን ለሁለት ያካፍሉት፤ ድንጋያማ ዳገት ላይ ግን ብስክሌትና እግረኛ እኩል ናቸው።

የእረኛ ውሻ የሚያሳድደው የሚሮጠውን ነው። ቁልቁለት ካልሆነ አይሽቀዳደሙ። ይውረዱ፣ ብስክሌቱን በእርስዎና በውሻው መካከል ያድርጉ፣ እረኛውን ይጥሩ፣ ጎንበስ ብለው ድንጋይ የሚያነሱ ይምሰሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ከነከሰ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አይዘለልም። ለከባድ ጉዳት የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። ሸለቆ ውስጥ መስመር ስለሚጠፋ ለመደወል ወደ ከፍታው ይውጡ።

ቤት ሲደርሱ

ብስክሌቱን ላቫጆ አይውሰዱት። በግፊት የሚወጣው ውሃ የቸርኬውንና የፔዳሉን ኩሽኔታ ግራሶ አጥቦ ያስወጣል፤ ከወር በኋላ መንጫጫት ይጀምራል። ባልዲ ውሃ፣ ሳሙና፣ አንድ አሮጌ ብሩሽ ይበቃሉ፤ ካቴናውን አድርቀው እንደገና ይቀቡት። ከዚያ ጎማዎቹን በዝግታ እያዞሩ የተሰነቀረ እሾህ በመርፌ ያውጡ፣ የፍሬን ሸራውን ይለኩ፣ የተጠቀሙበትን ከመነዳሪ በዚያው ምሽት ለጥፈው ወደ ቦርሳው ይመልሱ።